የቬትናም ቺፕስ አውስትራሊያን እንዴት ቀደመ? (የእንጨቱን ማለቴ ነው)

ቁጥር ወዳዱ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ሰሞኑን የእንጨት ቺፕስ ቁጥሮችን እያገላበጥኩ ነበር። ሥራዬ ከእንጨት ጋር አይገናኝም፣ እንዲሁ ሱስ ነው። ሁለት አካባቢ አነጻጸርኩ። አንደኛው ኦሺኒያ ነው፣ በተለይ አውስትራሊያ። ሁለተኛው ደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ በተለይ ቬትናም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።

ሁለቱን መስመሮች አንድ ላይ ስትስሏቸው መቀስ ይመስላሉ። አውስትራሊያ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ቀስ እያለች ትወጣለች። 2008 አካባቢ ወደ 6 ሚሊዮን ደረቅ ቶን (የእንጨቱ ውሃ ሳይቆጠር) ትጠጋለች። ከዚያ ለተወሰኑ ዓመታት መውረድ ነው። ቬትናም በ2001 ገና 400 ሺህ ቶን ገደማ ነበረች። በ2011 ከ5 ሚሊዮን አለፈችና አውስትራሊያን ቀድማ የዓለም አንደኛ ላኪ ሆነች። በ2022 ደግሞ ከ15 ሚሊዮን ቶን በላይ፣ በገንዘብ ከ2.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ።

የገረመኝ ምን መሰላችሁ? አውስትራሊያ መሬት አላት፣ ማሽን አላት፣ ወደብ አላት። ባህር ዛፉም የራሷ ነው። እንዴት ተቀደመች? የጠየቅኩት ሁሉ "ርካሽ ጉልበት ነዋ" ብሎ ያልፈኛል። አልተዋጠልኝም። ርካሽ ጉልበት ያለበት አገር ሞልቷል፣ ቺፕስ የሚልክ ግን ጥቂት ነው።

የፒያሳዋ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ድንች መስሎኝ ነው የገባሁት 😂 ከገባሁ አይቀር ልጠይቅ። ይሄ ለቁም ሳጥን የምንገዛው ቺፑድ ነው? ውሃ ሲነካው የሚያብጠው?

ወንዶ ገነት፦

እህቴ፣ ዘመዳሞች ናቸው ግን አንድ አይደሉም። ቺፑድ የምንለው ተፈጭቶ፣ በሙጫ ተለውሶ፣ በሙቀት ተጨምቆ ሰሌዳ የሆነ እንጨት ነው። እዚህ የሚወራው ገና ጥሬው ነው። ግንዱ ቅርፊቱ ይላጣል፣ ትልቅ ምላጭ ያለው ማሽን ውስጥ ይገባና ይከተፋል። ክትፎ እንደሚከተፈው በለው። የሚወጣው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር የሚሆን ስስ ቁራጭ ነው። ሰጋቱራም አይደለም፣ ሰጋቱራ የመጋዝ ዱቄት ነው። አብዛኛው በመርከብ ሄዶ ይቀቀልና ፐልፕ (የወረቀት ሊጥ በለው) ይሆናል፣ ከዚያ ወረቀትና ካርቶን። ቀሪው ለሰሌዳና ለማገዶ።

ቁጥር ወዳዱ፣ ወደ አንተ ልምጣ። የተጠቀምከው የምርት ቁጥር ነው የኤክስፖርት? ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስልህ። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት "ምርት" ሲል ጫካ ውስጥ በቀጥታ የተከተፈውን ቺፕስ አያካትትም። ያ እንጨት ቀድሞ በፐልፕ ግንድ ወይም በማገዶ ስም ስለተቆጠረ ነው፣ ሁለቴ እንዳይቆጠር። ሌላው መለኪያው ነው። እነሱ በሜትር ኪዩብ ይጽፋሉ፣ ነጋዴው በደረቅ ቶን ይሸጣል፣ ሹፌሩ በእርጥብ ቶን ይጭናል። ከእርጥብ እንጨት ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ሁለት እርጥብ ቶን አንድ ደረቅ ቶን ገደማ ይሆናል ማለት ነው። እነዚህን ያደባለቀ ሰው ቬትናምን በአንድ ሌሊት እጥፍ ሊያደርጋት ይችላል።

ቁጥር ወዳዱ፦

ኤክስፖርት ነው የወሰድኩት፣ በደረቅ ቶን። ግን ኢንዶኔዥያ አስቸገረችኝ። ሱማትራ ላይ ስንት እንጨት እየተከተፈ መስመሯ ከቬትናም ሥር ተጋድሟል።

ወንዶ ገነት፦

አየህ። ኢንዶኔዥያ ሪያው አካባቢ ግዙፍ የፐልፕ ፋብሪካዎች አሏት። ግንዱ በአንድ በር ይገባል፣ ፐልፑ በሌላ በር ይወጣል። ቺፕሱ አጥር አያልፍም፣ ስለዚህ የቺፕስ ንግድ ውስጥ አይታይም። ቬትናም በዚያ ልክ የፐልፕ ፋብሪካ የላትም፣ እንጨቷ ወደብ ላይ በቺፕስ መልክ ይታያል። እና "ደቡብ ምሥራቅ እስያ" ብለህ አንድ ላይ አትጠቅልል። በቺፕስ ንግድ ቬትናም ናት፣ ታይላንድ ትከተላለች። የታይላንዱ ደግሞ ደስ ይላል፤ ገበሬው የሩዝ ማሳው ድንበር ላይ በረድፍ ባህር ዛፍ ይተክላል።

የጂሎንጉ፦

ይሄ ክር እኔን ካልጠራ ማንን ይጠራል! ሜልበርን አጠገብ ጂሎንግ ነው የምኖረው። ወደቡ ላይ የቺፕስ ክምር አለ፣ ከሩቅ ሲያዩት የጤፍ ክምር ይመስላል። ምን እንደተከመረ ሳታውቅ እናቴ መጥታ ስታየው "ይሄን ሁሉ ማን ወቃው?" ብላለች።

ታሪኩን የማውቀውን ልንገራችሁ። አውስትራሊያ ይህን ንግድ የጀመረችው ለጃፓን ብላ ነው። ጃፓኖች በ1960ዎቹ ለቺፕስ ብቻ የሚሆን መርከብ መሥራት ጀመሩ። ቺፕስ ቀላል ነው፤ መርከቡ ሳይከብደው ይሞላል። ስለዚህ ሆዱ ሰፊ የሆነ መርከብ ይፈልጋል። መርከቡ ሲኖር እንጨት ፍለጋ ተወጣ። ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ኤደን የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ላይ በ1970 ገደማ ግንድ የሚከትፈው ወፍጮ ተተከለ። ትንሽ ቆይቶ ታዝማኒያ ትሪያበና ላይ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ምዕራብ አውስትራሊያ።

ችግሩ እንጨቱ ከየት መጣ የሚለው ነው። ያኔ የሚከተፈው የተተከለ ዛፍ አልነበረም፣ የተፈጥሮ ጫካ ነበር። ሰበቡ "ለጣውላ የማይሆነውን ነው የምንከትፈው" የሚል ነበር። ሕዝቡ ግን አላመነም። ለአርባ ዓመት ያህል ጠብ ነው። ሰው ዛፍ ላይ ወጥቶ ይተኛል፣ ራሱን ከማሽን ጋር ያስራል፣ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የታዝማኒያው ትልቅ ኩባንያ ገንስ በ2004 ሃያ ተቃዋሚዎችን ከሰሰ። አገር ምድሩ ተናወጠ። በመጨረሻ የከሰረው ራሱ ነው፣ በ2012። ሊሠራው የነበረው የፐልፕ ፋብሪካም ቤል ቤይ ላይ ሳይቆም ቀረ። የትሪያበናውን ወፍጮ ደግሞ በ2011 ሁለት ሀብታሞች በ10 ሚሊዮን ዶላር ገዙት። ሊያስኬዱት እንዳይመስላችሁ፣ ሊዘጉት!

ሁለተኛው ታሪክ ግብር ነው። መንግሥትና ኢንዱስትሪው በ1997 "የተተከለ ደን በ2020 ሦስት እጥፍ ይሁን" ብለው ተነሱ። በዛፍ ተከላ ላይ ገንዘብ ያፈሰሰ ሰው ሙሉ ወጪውን ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ይቀንሳል። በቃ፣ የጥርስ ሐኪሙም የሒሳብ ሠራተኛውም ባህር ዛፍ "ባለቤት" ሆነ። ዛፉን አይቶት የማያውቅ! ሰኔ ላይ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ሽያጩ ይደራ ነበር። የቀድሞ አለቃዬ አንዱ ነው። የጡረታ ገንዘቡን አስገብቶ ባዶ እጁን ቀረ። የትኛው ኩባንያ እንደነበር ይቅር። በ2009 ቲምበርኮርፕና ግሬት ሳውዘርን የሚባሉት ሁለቱ ትልልቆቹ በወር ልዩነት ወደቁ። የተተከለው ብዙው የተተከለው ግብር ለመቀነስ ነበር። ዝናብ የሌለበት ቦታ የተተከለ አለ፣ ከወደብ የራቀ አለ። ብዙ ቦታ ገበሬው ነቅሎ መሬቱን ወደ ግጦሽ መልሶታል።

እና አትርሱ፣ 2011 ላይ የአውስትራሊያ ዶላር ከአሜሪካ ዶላር በልጦ ነበር። የኛ ቺፕስ በዚያው ተወደደ። ቁጥር ወዳዱ "መቀስ" ያልከው እዚያ ላይ ነው የተሻገረው።

ወረቀት ነኝ፦

ቻይና ሻንዶንግ ውስጥ የወረቀት ምሕንድስና ነው የተማርኩት። ሻጩን ብቻ ነው የምታወሩት፣ ገዢውም አለ።

ለረጅም ዓመት ገዢ ማለት ጃፓን ነበረች። የጃፓን ፋብሪካ ከአውስትራሊያ ጋር የረጅም ጊዜ ውል ነበረው። ጥራቱን ይመርጣል፣ ዋጋውን በየዓመቱ ተቀምጦ ይደራደራል። ከ2008 ቀውስ በኋላ ግን ጃፓን ውስጥ የወረቀት ፍጆታ መውረድ ጀመረ። 2011 ላይ ሱናሚው መጣ፣ ኢሺኖማኪ ያለው ትልቁ የወረቀት ፋብሪካ ውሃ ዋጠው። ተጠግኖ ሥራ ቢጀምርም የገበያው ዘመን እያለፈ ነበር።

በዚያው ሰሞን ቻይና ሪዣውና ሃይናን ላይ የዓለምን ትልልቅ የፐልፕ ፋብሪካዎች አቁማ ነበር። ሪዣውን ጎብኝቼዋለሁ። መርከቡ ወደቡ ላይ ይቆማል፣ ቺፕሱ በማመላለሻ ቀበቶ በቀጥታ ወደ ክምሩ ይሄዳል። ፋብሪካው ቆሞ አያድርም። የቻይና ገዢ ደግሞ እንደ ጃፓኑ አይደለም። ዛሬ ዋጋ ከተስማማው ዛሬ ይገዛል። ከቬትናም ወደ ደቡብ ቻይና መርከብ በጥቂት ቀን ይደርሳል። ከአውስትራሊያ ግን ሁለት ሳምንት አካባቢ ነው። ቺፕስ ርካሽ ዕቃ ነው፣ የመርከብ ኪራይ ዋጋውን ይበላዋል። ቆይቶ ቻይና ራሷ ጃፓንን አልፋ የዓለም አንደኛ ገዢ ሆነች። ቬትናም አጠገቧ ተቀምጣ ጠበቀቻት።

የፒያሳዋ፦

እኔ ድንች ፍለጋ መጥቼ ትምህርት ገበየሁ። ቀጥሉ፣ ቡና አፍልቻለሁ።

አረንጓዴ ምድር፦

ለምንድን ነው ማንም ስለ ተፈጥሮው የማያነሳው? ባህር ዛፍ ውሃ ይመጥጣል፣ ሥሩ ሣር አያስበቅልም። ቬትናም "ደን ጨመርኩ" ትላለች፣ ያ ደን አይደለም፣ ቁመት ያለው በቆሎ ነው።

ወንዶ ገነት፦

"ቁመት ያለው በቆሎ" ወድጄልሃለሁ፣ ከተማሪዎቼ ጋር እጠቀምበታለሁ። ግን አንድ ነገር ላርም። የቬትናሙ በብዛት ባህር ዛፍ አይደለም፣ አካሺያ ነው። አካሺያ የጥራጥሬ ዘመድ ነው፣ ናይትሮጅን ከአየር ይስባል፣ የደኸየ መሬት ላይ ይበቅላል። ተራራው በጦርነትና በመመንጠር ተራቁቶ ነበር። የአገሪቱ የደን ሽፋን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከመቶ 28 አካባቢ ነበር፣ ዛሬ 42 አካባቢ ነው። ከጭማሪው ትልቁ ክፍል የተተከለ ዛፍ ነው። የዱር እንስሳ አይኖርበትም፣ እውነትህን ነው። በየ5 እና 6 ዓመቱ ስለሚቆረጥ ቁልቁለት ላይ አፈር ይታጠባል፣ ይሄም እውነት ነው። ከራቁት ተራራ ግን ይሻላል።

አሁን የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ልመለስ። የኔ መልስ ባለቤቱ ነው። ቬትናም በ1993ቱ የመሬት ሕግ ለቤተሰብ የረጅም ጊዜ የመጠቀሚያ ደብተር መስጠት ጀመረች። "ቀይ ደብተር" ይሉታል። ከ1998 ጀምሮ ደግሞ 5 ሚሊዮን ሄክታር ደን የማልማት ዘመቻ መጣ። ገበሬው አንድ ሁለት ሄክታር ቁልቁለት ያዘ። ዛፉ የራሱ ነው። ብር ሲቸግረው፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ሰርግ ሲመጣ ይቆርጣል። ደላላው ዛፉን በቁሙ ይገዛዋል። ቅርፊቱ እዚያው ማሳ ላይ በእጅ ይላጣል። ወፍጮው ደግሞ ቅርብ ነው፣ በ2010ዎቹ መጀመሪያ ከ100 በላይ ደርሰው ነበር። እንደ ኩዊ ንዮን ያሉ ወደቦች ከተራራው ሥር ናቸው።

የአውስትራሊያውን ዛፍ የጥርስ ሐኪም ሲገዛው የቬትናሙን የተከለው ሰው ይኖርበታል። የጂሎንጉ የነገረንን አስታውሱ። ኩባንያው ሲወድቅ ዛፉ ባለቤት አጣ። የቬትናሙ ገበሬ ግን ዋጋ ሲወርድ ሳይቆርጥ ይጠብቃል፣ ዛፉ አይሸሽበትም።

የጂሎንጉ፦

ጋሽ ወንዶ ገነት፣ እርስዎን አከብራለሁ፣ ግን ቬትናምን ትንሽ አሳመሯት። "ዋጋ ሲወርድ ይጠብቃል" ያሉት አይመስለኝም። የሚጠብቅ ሰው በ5 ዓመት አይቆርጥም። 10 ዓመት ቢያቆየው እኮ ለቤት ዕቃ መሥሪያ ጣውላ ይሆንለታል፣ ዋጋውም ይበልጣል። የማያቆየው ስለሚቸግረውና ማዕበሉን ስለሚፈራ ነው። በ2024 መስከረም ላይ ያጊ የተባለው ማዕበል ሰሜኑን መታው፣ ኩዋንግ ኒን ላይ አካሺያው እንደ ክብሪት ተሰበረ። የጠበቀው ሰው ነው የከሰረው። መንግሥታቸውም ቢሆን ጥሬ እንጨት በርካሽ መውጣቱን አይወደውም። ከ2016 ጀምሮ ቺፕስ ላይ 2 ከመቶ የኤክስፖርት ቀረጥ የጣለው የዕቃ ፋብሪካዎቻችን እንጨት ያግኙ ብሎ ነው። ቺፕሱ ግን አልቆመም።

ወንዶ ገነት፦

ተቀብያለሁ። "ይጠብቃል" የሚለውን አንስቼዋለሁ። ባለቤትነቱን ግን አላነሳም።

ቁጥር ወዳዱ፦

ቁጥሩም የጂሎንጉን ይደግፋል። 2023 ላይ የቬትናም ገቢ ከ2022 በደንብ ወርዷል። ዋጋው ነው በብዛት የወረደው፣ ቶኑ ያን ያህል አልወረደም። ዋጋ ወርዶም ቆርጠዋል ማለት ነው።

የአዲስ ቅዳሙ፦

እኔ እስካሁን ዝም ብዬ ነበር የማነበው። አዊ ነኝ፣ ፋግታ ለኮማ። ይሄን የቬትናም ነገር ስታወሩ የአባቴን ማሳ የምታወሩ መሰለኝ።

እኛ ጋ ዲከረንስ ነው። እሱም አካሺያ ነው። አፈሩ አሲድ ሆኖ ገብስም አልሰጥ ሲል ሰው ወደ ዲከረንስ ሄደ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ መሃል ጤፍ ይዘራል። በሁለተኛው ሣር ይታጨዳል። ከዚያ ዛፉ ይዘጋል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ይቆረጥና ከሰል ይሆናል። ከሰሉ እዚያው ማሳ ላይ ይከሰላል፣ መሬቱ ሞቆ ቀጣዩ ጤፍ ያምራል። ዛፉን በቁሙ የሚገዛ ነጋዴም አለ፣ ልክ እንደነሱ። አባቴ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰው በዲከረንስ ነው። እኔም ባሕር ዳር የተማርኩት በሱ ነው።

አሁን ግን በሽታ ገባ። ቅርንጫፉ ላይ ቡናማ ዝገት ይመስላል፣ ዛፉን ያቀጭጨዋል። ዘመዶቼ እየነቀሉ ወደ ባህር ዛፍ የተመለሱ አሉ። ጥያቄዬ እንደዚህ ነው። ቬትናሞች አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ተክለው አልታመመባቸውም? ደግሞ እኛስ ከከሰል ይልቅ ቺፕስ ብንሸጥ?

ወንዶ ገነት፦

ወንድሜ፣ ምነው ቀድመህ ብትገባ። ታሞባቸዋል። ሴራቶሲስቲስ የሚባል ፈንገስ አለ፣ በቁስል በኩል ይገባና ዛፉን ያደርቀዋል። ሱማትራና ማሌዥያ ያለችው ሳባህ ላይ ማንጊየም የሚባለውን የአካሺያ ዓይነት ክፉኛ ስለመታው ትልልቆቹ ኩባንያዎች ወደ ባህር ዛፍ ዞረዋል። ልክ እንደ ዘመዶችህ። ቬትናምም ውስጥ አለ፣ የተሻለ የሚቋቋም ዝርያ ፍለጋ ላይ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፣ እስካሁን ማንም አላነሳውም። የቬትናሙ ማንጊየም አካሺያ የትውልድ አገሩ ሰሜን ኩዊንስላንድና ፓፑዋ ኒው ጊኒ አካባቢ ነው። ኦሪኩሊፎርሚስ የሚባለው ሌላውም የአውስትራሊያ ነው። ሁለቱ ተዳቅለው የወጣው ዲቃላ ነው ዛሬ የቬትናምን ተራራ የሸፈነው። ጥሩ ጥሩውን ዘር መርጠው ለሙከራ የሰጧቸው ደግሞ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ናቸው፣ በ1980ዎቹና 90ዎቹ። አውስትራሊያ የተቀደመችው በራሷ ዛፍ ነው!

የአዊው ዲከረንስም ከኒው ሳውዝ ዌልስ ነው። ነጭ ባህር ዛፋችንም ከታዝማኒያና ከቪክቶሪያ። ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ሲል ደርሶ ያስቀራት እሱ ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎችም የመጣበትን መንገድ ነው የነገሩን፣ የባህር ማዶ ዛፍ።

የጂሎንጉ፦

ስለዚህ እዚህ ወደብ ላይ የተከመረው ክምርና የእንጦጦ ባህር ዛፍ ወንድማማቾች ናቸው ማለት ነው። ለናቴ እደውልላታለሁ።

በነገራችን ላይ እዚህ የተፈጥሮ ጫካ መቁረጥ ቪክቶሪያና ምዕራብ አውስትራሊያ ላይ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ቆሟል። ኤደን ያለው ወፍጮ በጥር 2020 ሰደድ እሳት ተመታ፣ ክምሩ ለቀናት ጨሰ። ካንጋሩ ደሴት ላይ ደግሞ የተተከለ ደን ነበረ፣ ወደብ ግን አልነበረውም። ወደብ ይሠራለት አይሠራለት እያሉ ሲከራከሩ በዚያው ሰሞን የተነሳ እሳት አቃጠለው።

ወረቀት ነኝ፦

ለአዲስ ቅዳሙ፦ "ቺፕስ ብንሸጥ" ላልከው ካንጋሩ ደሴትን ተመልከት። ዛፍ ነበራቸው፣ ባህርም ከበባቸው፣ መርከብ የሚቆምበት ቦታ ግን አጡ። አንተ ከአዲስ ቅዳም እስከ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ አለብህ፣ ከዚያ ጅቡቲ ሌላ ከ700 በላይ። ግማሹ ውሃ የሆነ ርካሽ ዕቃ በከባድ መኪና ያን ሁሉ መንገድ ስትጭን የናፍጣው ዋጋ ቺፕሱን ይበልጠዋል። ከሰል ግን አየህ፣ ውሃው ወጥቶለት፣ ቀሎ፣ ዋጋው ከብዶ ነው የሚጓዘው። አባትህ ሒሳቡን ሠርቶታል።

ለአገር ውስጥ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ቺፑድ ፋብሪካ እንጨት ይፈልጋል። ማይጨው ላይ ባህር ዛፍ እየፈጨ ሰሌዳ የሚሠራ ፋብሪካ ተተክሎ ነበር። አጠገባችሁ እንደዚያ ያለ ቢኖር ዲከረንሱ ሳይከሰል ይሸጥ ነበር።

የፒያሳዋ፦

ቺፑድ ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፣ ይመዝገብልኝ።

የአዲስ ቅዳሙ፦

ይመዝገብላት 😄 ጋሽ ወንዶ ገነት፣ ያንን ዝገት የሚቋቋም የዲከረንስ ዘር የሚሞክር ሰው ካወቁ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ። ክረምቱ ሳይገባ ችግኝ ማፍላት አለብን።

ወንዶ ገነት፦

ጽፌልሃለሁ። ፎቶ ላክልኝ፣ ቅርንጫፉን ከቅርብ፣ ማሳውን ከሩቅ።